መጋቢት 27 ዓርብ ነበር

ባለፈው ስቅለት ኦቾሎ ነበርኩ። ስግደቱ አልቆ ሰው ጉልበቱን እያሸ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ እኔና አጎቴ ገደሉ ጫፍ ላይ ድንጋይ መርጠን ተቀመጥን። ታች የአባያ ሐይቅ እየጠቆረ ነው። አጎቴ በወጣትነታቸው ባሕረ ሐሳብ ተምረዋል፤ እኔ ምህንድስና ተምሬ ሶፍትዌር እሠራለሁ። ሁለታችንም ቁጥር እንወዳለን።

«አጎቴ፣ ጌታ የተሰቀለው መጋቢት 27 አይመስለኝም» አልኳቸው። ይህን ያልኩት በየትኛው ቀን እንደሆነ አስቡት እንግዲህ።

አልተቆጡም። «አስላና አሳየኝ» ብቻ አሉ። ዱቡሻ ላይ ሽማግሌ ሲከራከር እያየ ያደገ ሰው እንዲህ ነው፤ ያለህን አምጣ ይልሃል፣ ከዚያ ይነጋገራል።

ነገሩ ምንድን ነው? የምንሰግድበት ስቅለት በየዓመቱ ይዘዋወራል። ጥንተ ስቅለት የሚባለው ግን ቋሚ ነው፤ መጋቢት 27። በትውፊታችን ዓመቱ 5534 ዓመተ ዓለም፣ ማለትም 34 ዓ.ም. ነው። አጎቴ በጣታቸው አፈሩ ላይ ጀመሩ። 5534 ለ4 ሲካፈል 1383፤ ይህ መጠነ ራብዒት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 6917። ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ 1 ማክሰኞ ነው። ስለዚህ መስከረም 1 ማክሰኞ ዋለ። ከዚያ እስከ መጋቢት 27 ድረስ 206 ቀን፤ በሰባት ሲገደፍ 3። ማክሰኞ ላይ ሦስት ጨምር፤ ዓርብ!

አላቆሙም። 5534 ለ19 ሲካፈል 5 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 4። አራት በ19 ሲባዛ 76፤ በሠላሳ ሲገደፍ መጥቅዑ 16። መስከረም 16 ረቡዕ ነው፤ የረቡዕ ተውሳክ 4፤ መባጃ ሐመር 20። ነነዌ ጥር 20፣ ትንሣኤ መጋቢት 29። ስልኬ ላይ የጻፍኳት ኮድም ያንኑ አወጣች። እውነት ለመናገር ደነገጥኩ። ስህተት አገኛለሁ ብዬ የመጣሁበት ስሌት አንድም ቦታ አይሰበርም።

የኔ ተራ ደረሰ። መጋቢት 27 ቀን 34 ዓ.ም. በዩልዮስ አቆጣጠር ማርች 23 ቀን 42 እ.ኤ.አ. ነው። ጲላጦስ ግን ይሁዳን የገዛው ከ26 እስከ 36 እ.ኤ.አ. ድረስ ነው። ጨረቃዋም አትስማማም፤ ወደ ኋላ ሲሰላ በዚያ ወር ሙሉ የሆነችው መጋቢት 29 አካባቢ ነው፣ ፋሲካ ደግሞ የሙሉ ጨረቃ በዓል ነው። ተመራማሪዎች አብዝተው የሚያነሷቸው ሁለት ዓርቦች ኤፕሪል 7 ቀን 30 እና ኤፕሪል 3 ቀን 33 ናቸው፤ በኛ ሚያዝያ 12 ቀን 22 ዓ.ም. እና ሚያዝያ 8 ቀን 25 ዓ.ም. መሆኑ ነው። 34 ዓ.ም. የመጣው በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አንያኖስ የተባለ የእስክንድርያ መነኩሴ ካወጣው ስሌት ጋር ነው። እሱ ፅንሰትንም ትንሣኤንም መጋቢት 29 ላይ አዋለ።

«እሺ» አሉ አጎቴ። «ጨረቃዋን ተውልኝ። ቀኑ ለነሱ መቼ ነበር የሚጀምረው?»

እዚህ ጋ ነው የምንሳሳተው። ለአይሁድ ቀን የሚለወጠው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። በጉ የሚታረደው ኒሳን 14 ከሰዓት በኋላ፣ የሚበላው ማታ፤ ማታው ደግሞ 15 ነው። እኛ ሐሙስ ማታ የምንለው ለነሱ ዓርብ ገብቷል። ማቴዎስ፣ ማርቆስና ሉቃስ የመጨረሻውን እራት የፋሲካ እራት ያደርጉታል፤ ስለዚህ ስቅለት 15 ላይ ይውላል። ዮሐንስ ግን ስቅለትን ፋሲካው ገና ባልተበላበት ቀን፣ 14 ላይ ያደርገዋል። አጎቴ የሠሩበት ስሌት 14ኛዋን ሐሙስ መጋቢት 26 ላይ ያውላታል፤ ማለትም ከሦስቱ ጋር ነው የቆመው።

ሰዓቱም አለ። እንግሊዝኛ አንባቢ «ስድስተኛው ሰዓት» ሲል ቆም ብሎ ይቀይራል፤ እኛ ጋ ስድስት ሰዓት እኩለ ቀን ነው፣ አለቀ። (ውጭ ካሉ ባልደረቦቼ ጋር ስብሰባ በስድስት ሰዓት ልዩነት አምልጦኝ ስለሚያውቅ ይህን በደንብ አውቀዋለሁ።) ማርቆስ በሦስት ሰዓት ተሰቀለ ይላል፤ ዮሐንስ ጋ በስድስት ሰዓት ገና ጲላጦስ ፊት ነው። አንዳንዶች ዮሐንስ ከእኩለ ሌሊት ነው የቆጠረው ብለው ሊያስታርቋቸው ሞክረዋል። ችግሩ ሮማውያንም ቢሆኑ የቀኑን ሰዓት የሚቆጥሩት ከፀሐይ መውጫ ነበር።

ከዚያ እኔን በጣም የገረመኝን ነገር ነገርኳቸው። መጽሐፈ ኩፋሌ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ዓመት 364 ቀን ነው፤ ልክ 52 ሳምንት፣ ትራፊ የለውም። በዚህ አቆጣጠር ፋሲካ ሁልጊዜ ረቡዕ ይውላል፤ ማክሰኞ ማታ ይገባል ማለት ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. አኒ ዦበር የተባለች ፈረንሳዊት ተመራማሪ ጌታ እራቱን የበላው በዚህ አቆጣጠር ማክሰኞ ማታ ነው፣ የተሰቀለው ግን በቤተ መቅደሱ አቆጣጠር ፋሲካ ዋዜማ፣ ዓርብ ነው አለች። እንዲህ ከሆነ አራቱም ወንጌላት ይታረቃሉ። በሶርያ ቋንቋ የተረፈው ዲድስቅልያም እራቱን ማክሰኞ፣ መያዙን ረቡዕ ያደርጋል። ሆኖም ጌታ በዚያ አቆጣጠር ይጠቀም እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ብዙዎቹ ምሁራንም አልተቀበሏትም።

አጎቴ ዝም ብለው ቆዩ። ጨልሟል፤ በአይሁድ ቆጠራ ቅዳሜ ገብቷል።

«ስለዚህ 27 ስህተት ነው ትለኛለህ?»

ከአንድ ሰዓት በፊት ቢሆን አዎ እል ነበር። አሁን ግን «ዓመቱ ከታሪክ ጋር አይገጥምም፤ ስሌቱ ግን አልተሳሳተም። የተሠራው ሌላ ጥያቄ ለመመለስ ነው» አልኳቸው። ሰዎቹ ፍጥረትን፣ ፅንሰትንና ትንሣኤን አንድ ቀን ላይ ማገናኘት ፈልገው ነበር፤ አገናኙት። እኔ የጠየቅኩት ግን ጲላጦስ ወንበር ላይ እያለ የትኛው ዓርብ ነው የሚለውን ነው።

«ይሁን» አሉና ተነሡ፣ ትከሻዬን ይዘው። ጥቂት እንደሄድን ቆሙ።

«ያቺ ሴትዮ ግን… ረቡዕ ተያዘ ነው ያለችው?»

«አዎ።»

«ረቡዕን ለምን እንደምንጾም ነግረሃታል?»