የሥጋትና የሕመም ወሰን፤ አጭር ታሪካዊ ቅኝት

በቋንቋችን «ጭንቅ ጥብብ አለኝ» የሚል ሰው ሁለቱን ቃላት ያለ ምክንያት አላጎዳኛቸውም። በላቲንም ጭንቀትን የሚያመለክተው ቃል ከማነቅ፣ በጀርመንኛ ደግሞ ከጠባብነት ጋር ሥሩ አንድ ነው። ስሜቱ፣ እንግዲህ፣ ለማንም እንግዳ አይደለም። ሲያከራክር የኖረው ማንም ሰው በኑሮው የሚያውቀው ሥጋት ምን ላይ ሲደርስ ሕመም ይባላል የሚለው ጥያቄ ነው።

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1861–1865) ጊዜ ጃኮብ ዳ ኮስታ የተባለ የፊላደልፊያ ሐኪም የልብ ትርታ፣ የደረት ሕመምና የትንፋሽ ማጠር ያስቸገራቸውን ወታደሮች መርምሮ ነበር። በ1871 ባሳተመው ጥናት ሕመሙን የልብ መቆጣት ዓይነት አድርጎ ሰየመው። ጆርጅ ቢርድ ደግሞ በ1869 ድካምንም፣ እንቅልፍ ማጣትንም፣ ፍርሃትንም በአንድነት «የነርቭ ድካም» በሚል ስም ጠቅልሎት ነበር። ጭንቀትን ከዚህ ጥቅል አውጥቶ ራሱን የቻለ ሕመም ነው ያለው ፍሮይድ ነው፤ ዘመኑም 1895 ነበር። ስለ መንስኤው የሰጠው ማብራሪያ ዛሬ ብዙ ደጋፊ የለውም፤ ልየታው ግን ጸንቷል።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1980 ባወጣው ሦስተኛው የምርመራ መመሪያ፣ ድንገት የሚነሣውን የፍርሃት ማዕበልና ዘወትር የማይለቀውን ጭንቀት ለያይቶ አስቀመጠ። ለሁለተኛው የወሰነው ጊዜ አንድ ወር ነበር፤ በ1987 ግን ወደ ስድስት ወር ከፍ አደረገው። ሁለት ወር ሙሉ የተጨነቀ ሰው በ1986 ሕመምተኛ፣ በ1988 ግን ጤነኛ ሊባል ይችል ነበር ማለት ነው። (የቀን መቁጠሪያ ሐኪም ሲሆን እንዲህ ነው።) ከቁጥሩ ይልቅ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘነው በ1994 በአራተኛው መመሪያ የገባው መለኪያ ነው፤ ይኸውም ሰውየው ሐሳቡን ለመግታት መቸገሩ ነው። ከዚህም ጋር የመቅበጥበጥ፣ የመድከም፣ የሐሳብ መበታተን፣ የመነጫነጭ፣ የጡንቻ መወጣጠርና የእንቅልፍ መታወክ ምልክቶች ተዘርዝረዋል፤ ለአዋቂ ከስድስቱ ቢያንስ ሦስቱ መገኘት አለባቸው። ሥራንና ማኅበራዊ ኑሮን ማወኩ ወይም ከባድ ሥቃይ ማስከተሉም ይታያል።

መመሪያው ጭንቀቱ «ከመጠን ያለፈ» ይሁን ማለቱ ግን ለስደተኛ አስቸጋሪ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በቀይ ሽብር ዘመን፣ የበር መንኳኳት ያስደነገጠው ሰው ፍርሃቱ ከመጠን አላለፈም ነበር፤ ልክ ነበር። ያው ሰው በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም ተቀምጦ የጥገኝነት ማመልከቻውን ውሳኔ ሲጠብቅ ቢሠጋም በቂ ምክንያት አለው። ስለዚህ ሥጋቱ እውነተኛ መነሻ አለው ወይስ የለውም ብሎ መመርመር ብቻውን አያዋጣም። በእኛ ግምት የተሻለው ምልክት ሌላ ነው፤ ወረቀቱ ከተገኘ፣ ቤተሰቡም ከመጣ በኋላ ጭንቀቱ አብሮ ይቀንሳል ወይስ ወዲያው ሌላ ጉዳይ ፈልጎ ይጣበቃል? ጠበቃ ያስፈለገውን፣ ደብዳቤ ያስጻፈውን ሥጋት ከበሽታ መቁጠር ስሕተት ነው። ደብዳቤውን ሳይከፍት ለሳምንታት በመሳቢያ ያስቆለፈው ግን ሊታይ ይገባዋል።

ሌላም እንቅፋት አለ። በእኛ ዘንድ «አሳቢ ሰው» ሙገሳ ነው፤ ሌሊቱን ሲገላበጥ የሚያድረውም ለዘመዶቹ እንደሚቆረቆር እንጂ እንደ ታመመ አይታሰብም። ሐኪም ዘንድ ሲሄድም ጭንቀቱን ሳይሆን ልቡን፣ ጨጓራውንና ራሱን የሚያቃጥለውን ይናገራል፤ የዳ ኮስታ ወታደሮችም ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ምርመራው ልቡ ደኅና መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ሐኪሙ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ሥራው፣ ከሰው ስለ መራቁ ካልጠየቀው፣ ሰውየው ሌላ የልብ ሐኪም ፍለጋ ይወጣል።