ተጣጥፎ የሚጓዝ ቤት፦ ከላስታ ዓለት እስከ ንጉሥ ድንኳን

ከአሜሪካ ከሚላኩልን ቪዲዮዎች አንዱ ሰሞኑን ሲያነጋግረን ሰነበተ። አንድ ፒክአፕ መኪና ረዥም ቤት እየጎተተ ይመጣና ሜዳ ላይ ይቆማል። ባለቤቱ ቁልፍ ሲጫን የቤቱ ጎን ከነሶፋው ከነመስኮቱ እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ወደ ውጭ ይንሸራተታል። መተላለፊያ የምታክለው ጠባብ ክፍል ባንዴ ሳሎን ትሆናለች። ጉዞ ሲጀመር ደግሞ ሳሎኑ ተመልሶ ይገባና ቤቱ መኪና ይሆናል። ከመካከላችን አንዷ «ፈረንጅ ደግሞ ቤቱን አዝሎ መዞር ጀመረ?» ብላ ሳቀች።

ሳቃችን ግን ብዙም አልቆየ። ቤት ይዞ መዞርን ለእኛ አገር ሰው ማን ያስተምረዋል? የዚህች አገር መንግሥት እኮ ራሱ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲነሳ የሚታጠፍ፣ ሲያርፍ የሚሰፋ ቤት ውስጥ ነው የኖረው። ታሪኩን ደግሞ ከላስታ መጀመር ይሻላል፤ ምክንያቱም ከፈጽሞ የማይነቃነቅ ቤት ስለሚነሳ ነው። (ዓ.ም. ካላልን በቀር ቁጥሮቻችን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዛግዌ ነገሥታት መቀመጫ ዛሬ ላሊበላ የምንላት ሮሃና አካባቢዋ ነበረች። በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠው ቅዱስ ላሊበላ ስሙን የተከሉለት 11 አብያተ ክርስቲያናት ከተራራው ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልተደረበም፤ ከዓለቱ የማይፈለገው ተቀንሶ ቤቱ ቀረ። ከዚህ የበለጠ ከመሬት ጋር የተጣበቀ ቤት ከየት ይመጣል?

በ1270 ይኩኖ አምላክ ሥልጣኑን ሲወስድ የመንግሥቱ ማዕከል ከላስታ ወጣ፤ ወጥቶም እንደ ሮሃ ያለ አንድ ቋሚ መቀመጫ አልያዘም። ከዚያ ወዲህ የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ዘመናቸውን ከሰፈር ወደ ሰፈር ሲዘዋወሩ ኖሩ። ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን እስኪቆረቁር ድረስ ዋና ከተማው የት ነው ለሚል ሰው ትክክለኛው መልስ «ዛሬ ንጉሡ ያደረበት» የሚል ነበር። «ከተማ» የሚለው ቃላችን እንኳ በጥንቱ ዜና መዋዕል የንጉሡ ሰፈር ማለት ነው። ድንኳኑ ከተነቀለ ከተማውም ተነቀለ!

ይህን ተጓዥ ከተማ በዓይኑ አይቶ ከጻፉት አንዱ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን ቆይቷል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናትም አይቶ፣ ሰው አያምነኝም ብሎ እየሰጋ ጽፎላቸዋል። የአፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር ሲገልጽ የንጉሡ ድንኳኖች ከሜዳው ከፍ ባለው ቦታ ይተከላሉ፣ ዙሪያቸውን በረዣዥም መጋረጃ ይከለላሉ ይላል። ንጉሡ ብዙ ቀን የሚቆይ ከሆነ ደግሞ 12 በር ያለው ሰፊ አጥር ይታጠራል። የቤተ ክርስቲያን ድንኳን አለ፤ የፍርድ ድንኳን አለ፤ ወጥ ቤት አለ፤ ገበያውም አብሮ ይሰፍራል። ታቦታቱን ካህናት ተሸክመው ይጓዛሉ። ከሁሉም የገረመን ግን ሌላ ነው፤ ንጉሡ በበቅሎ ሲሄድ እንኳ ሰዎች ቀይ መጋረጃ በቀጫጭን ጦር ላይ ዘርግተው በዙሪያው ይዘውለት ይሄዱ ነበር። እልፍኙ አብሮት ይራመዳል ማለት ነው።

የዚህ ቤት ካርታ እስካሁን በስማችን ውስጥ አለ። ፊታውራሪ ከፊት የሚቀድመው፣ ቀኛዝማች ከቀኝ፣ ግራዝማች ከግራ፣ ደጃዝማች ደግሞ ከደጁ ነው። እነዚህ ማዕረግ ብለን የምንጠራቸው ከንጉሡ ድንኳን አንጻር የት ትተከላለህ የሚለው ጥያቄ መልሶች ናቸው። የተማረውን የቤተ ክርስቲያን ሰው የምንጠራበት «ደብተራ»ም በግእዝ ድንኳን ማለት ነው። መሐንዲስ ሳይጠራ፣ ፕላን ሳይነሳ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው በየሄደበት ሜዳ ያንኑ ከተማ መልሶ ይተክላል። እያንዳንዱ ሰው ግድግዳው የት እንደሚቆም በሹመቱ ያውቀዋል።

እስቲ አሁን ወደ ተጎታቹ ቤት እንመለስ። ጎኑ የሚንሸራተት ቤት ያላቸው ሰዎች የሚያማርሩት ነገር ሲጠቃለል አራት ነው፦ ደልዳላ መሬት ይፈልጋል፤ በክፍሉና በግድግዳው መካከል ያለው ጎማ ሲያረጅ ዝናብ ያስገባል፤ ክፍሉ ተመልሶ ካልገባ መንቀሳቀስ አይቻልም፤ ክብደቱም ጎታቹን ያደክማል። የእኛ ነገሥታትም ችግራቸው ይኸው ነበር። ሰፈር የሚመረጠው ሜዳና ውሃ ታይቶ ነው። ክረምት ሲገባ ድንኳንም መንገድም ስለማይሆን ሠራዊቱ አንድ ቦታ ይከርማል።

ክብደቱን በተመለከተ ደግሞ አፄ ቴዎድሮስን ማንሳት ይበቃል። በ1867 ማብቂያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሱ ሴባስቶፖል የተባለውን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ በጋሪ እያስጎተቱ ነበር። በላስታ ደቡብ በኩል ባሉት በዋድላና በደላንታ ገደሎች መንገድ እየጠረጉ፣ ንጉሡም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ እያነሱ፣ ወራት ፈጀባቸው። መድፉ መቅደላ በደረሰ በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝ ጦር ደረሰ። ቤቱን ሁሉ ይዞ የሚሄድ ሰው ቀድሞ መድረስ አይችልም።

እስካሁን የንጉሡን ወገን ብቻ ነው ያወራነው። የሜዳውስ ባለቤት? የተጎታች ቤት ስፋት እኮ ከየትም አይመጣም። ግድግዳው ወደ ውጭ ሲወጣ የሚያርፈው በሌላ መሬት ላይ ነው። የንጉሡ ከተማ ሲሰፋም የሚሰፋው በገበሬው ማሳ፣ በገበሬው ጎተራ፣ በገበሬው ጫካ ላይ ነበር። እህሉ ሲያልቅ፣ ማገዶው ሲጨረስ ድንኳኑ ይነቀላል፤ ገበሬው ግን መሬቱን ነቅሎ መከተል አይችልም። ወታደሩ በየገበሬው ቤት ተመርቶ «ተሰሪ» ሲሆን ደግሞ ጠባቧ የገበሬ ጎጆ ላልጠራችው እንግዳ ትሰፋለች። አፄ ምኒልክ ከክፉ ቀን ረሀብ በኋላ በ1892 አሥራት ይከፈል ያሉት ይህን የተሰሪ ሸክም ለመተካት ነው።

ያ ተጓዥ ከተማ መጨረሻ ላይ የቆመው አዲስ አበባ ላይ ነው። በ1886 ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ሜዳ ሲወረድ ብዙ ሰው ይህም እንደ ሌሎቹ ይነቀላል ብሎ ሳያስብ አልቀረም። ማገዶም ማለቁ አልቀረም፤ በ1900 ገደማ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ ተጀምሮ ነበር። ባሕር ዛፍ መጣና ጫካው ወደ ከተማው ተጠጋ፤ ከተማውም መሄዱን ተወ። የሰፈሩ ቅርጽ ግን ቀረ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር እያልን ታክሲ ስንጠራ፣ ሳናውቀው የድንኳን አቀማመጥ እየቆጠርን ነው።

ላስታስ? ላስታ ሁለቱንም ዓይነት ቤት አሁንም አብራ ትኖራለች። ጥር 10 ቀን፣ በከተራ፣ ታቦታቱ ከዓለቱ ቤታቸው ወጥተው ድንኳን ውስጥ ያድራሉ፤ ጥር 11 ጥምቀት ተከብሮ ይመለሳሉ። የማይነቃነቀው ቤት በዓመት አንድ ጊዜ ጎኑን ከፍቶ ወደ ሜዳ የሚወጣ ይመስላል። በገና ደግሞ ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣውን ምእመን የከተማው ሰው እግሩን አጥቦ ያስተናግደዋል። ከተሰሪ ጋር ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ እዚህ ቤቱን የሚያሰፋው ባለቤቱ ራሱ ነው።

ነገር ግን የላስታ ሰው ቤቱን ሳይፈልግ የለቀቀበት ጊዜም አለ። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ፣ በቀይ ድንጋይ በተሠሩት ባለ ሁለት ፎቅ ክብ ጎጆዎች ይኖር የነበረው ሕዝብ፣ ቅርሱ እንዲጠበቅ ተብሎ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ሌላ ቦታ እንዲሄድ ተደረገ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ ብዙ ሰው የያዘውን ይዞ ወጣ። ለተፈናቀለ ሰው ድንኳን ቀኝና ግራ የለውም፤ መጋረጃ የሚይዝለትም የለም።

ስለዚህ ቪዲዮውን ደግመን ስናየው ቁልፉን የሚጫነውን ጣት ነው ያየነው። ቤት መንቀሳቀሱ ክፉ አይደለም፤ አባቶቻችን በድንኳን ትልቅ መንግሥት ገዝተዋል። ጥያቄው ቤቱ ሲሰፋ በማን መሬት ላይ ይሰፋል፣ ሲታጠፍስ የሚያጥፈው ማን ነው የሚለው ነው። ቁልፉ በራሱ እጅ የሆነ ሰው መንገደኛ ይባላል፤ በሌላ ሰው እጅ የሆነበት ግን ስደተኛ ነው።