የታሸገ ሣጥንና ከመሬት በላይ የሆነ መቃብር፦ ማሸጉ ከየት መጣ? ለምንስ ይጠቅማል?



ለእድርተኛ ስለ ቀብር መጻፍ «ለቀባሪው አረዱት» የሚባለው እንዳይሆንብን እንፈራለን። ድንኳን የምንተክለው፣ ቃሬዛ የምንሸከመው፣ ጉድጓድ ሲቆፈር አጠገቡ የምንቆመው እኛው ነን። ይሁን እንጂ ባለፈው ጊዜ በመካከላችን የደረሰው ነገር፣ ብዙ የቀበርን ሰዎች ሳለን የማናውቀው ነገር እንዳለ አሳይቶናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንዲት አባላችን ልጅ በሰው አገር አርፎ አስከሬኑ በዚንክ ታሽጎ በአውሮፕላን መጣ። ቤተሰቡም ቦታ ስለጠበበ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ከመሬት በላይ በተሠራ ፉካ አሳረፈው። አፉም በሲሚንቶ ድርግም ተደርጎ ተደፈነ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከሥር ባለው ፉካ ዘመዳቸውን ያሳረፉ ሰዎች ለሙት ዓመት ቢመጡ፣ ከላይ የወረደ ፈሳሽ እብነ በረዱን አበላሽቶት፣ ሽታውም አላስቀርብ ብሏቸው አገኙ። ጠብ ተነሣ። ሽማግሌዎቻችን ገብተው ሁለቱን ቤተሰቦች አስታረቁ፤ ፉካውም ተጠግኖ ነገሩ በረደ። እናትየው ግን አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁ ነበር፦ «ታሽጓል ብላችሁኝ አልነበረም እንዴ?»

በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ ይኸው ጉዳይ ሲነሣ አሳቡ ለሁለት ተከፈለ። አንዳንዶቻችን ከመጠባበቂያው ገንዘብ ወጪ ተደርጎ የታሸገ ሣጥንና የላስቲክ መሸፈኛ ይገዛ አልን። ሌሎቻችን ደግሞ የእንጨት ሣጥን ምን አጎደለ አልን። ታዲያ ገንዘባችንን ከማውጣታችን በፊት ሌላው ሕዝብ በዚህ መንገድ ሄዶ ምን እንዳገኘ ማየት ይበጃል ብለን ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። «ዓ.ም.» ካላልን በስተቀር ዘመኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

እድር የነበራቸው ሰዎች ከተማ

ከመሬት በላይ በመቅበር ስሟ ከገነነ ከተሞች አንዷ በአሜሪካ ሉዊዚያና ውስጥ ያለችው ኒው ኦርሊንስ ናት። ከተማይቱን ፈረንሳዮች በ1718 ዝቅ ባለና ውሃ ባዘለ መሬት ላይ ቆረቆሯት። ጥቂት ሲቆፈር ውሃ ይወጣል። በኋላም ስፔኖች በገዟት ጊዜ በአገራቸው ልማድ ግንብ ውስጥ መቅበርን አመጡ። ስለዚህ በ1789 የተከፈተው ቅዱስ ልዊስ ቁጥር አንድ የሚባለው መካነ መቃብር በአብዛኛው ከመሬት በላይ የተገነባ ነው። ዙሪያውን ያለው አጥር ራሱ ፉካ በፉካ ላይ የተደራረበበት ግድግዳ ነው። ያገሩ ሰዎች እነዚህን ፉካዎች «ምድጃ» ብለው ይጠሯቸዋል፤ ቅርጻቸው የዳቦ መጋገሪያ ስለሚመስል ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ የሚገርመን ነገር አለ። በዚያች ከተማ ብቻውን መቃብር መሥራት የማይችለው ሰው ማኅበር ይገባ ነበር። የሙያ ጓዶች፣ ያንድ አገር ተወላጆች፣ ጥቁር አሜሪካውያንም በየፊናቸው ማኅበር አቋቁመው መዋጮ ያዋጣሉ፤ የታመመ ይጠይቃሉ፤ የሞተ ይቀብራሉ። ለአባሎቻቸውም በጋራ ባለ ብዙ ፉካ መቃብር ይሠራሉ። ለምሳሌ የኢጣልያኖች መረዳጃ ማኅበር በ1857 ያሠራው ባለ እብነ በረድ መቃብር 24 ፉካዎች አሉት። አርክቴክቱ ፒየትሮ ጓልዲ የሚባል ሰው ነበር። ይህ እኮ ስሙ ተለወጠ እንጂ እድር ነው!

ታዲያ 24 ፉካ ለብዙ መቶ አባል እንዴት ይበቃል? ዘዴው ይህ ነው። አስከሬኑ በቀላል የእንጨት ሣጥን ሆኖ ይገባል፤ አፉ በጡብ ይዘጋና በኖራ ይለሰናል። ጡብና ኖራ ደግሞ ይተነፍሳሉ፤ እርጥበትንና አየርን ጥቂት በጥቂት ያሳልፋሉ። የሉዊዚያና ፀሐይ ግንቡን ሲያግለው ውስጡ እንደ ስሙ ምድጃ ይሆናል። ቢያንስ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ሳይሞላው አይከፈትም የሚል ልማድ አላቸው። ጊዜው ሲደርስና ቦታው ለሌላ ሲፈለግ የሣጥኑ ስብርባሪ ይወጣል፤ አጽሙ ወደ ኋላ ወይም ከሥር ወዳለው ጉድጓድ ይሰበሰባል፤ ፉካው ለሚቀጥለው ሟች ይዘጋጃል። አባትና ልጅ፣ አያትና የልጅ ልጅ አጽማቸው አንድ ላይ ያርፋል። በ1853 ቢጫ ወባ ገብቶ በአንድ በጋ ወደ 8,000 ሰው በፈጀ ጊዜ እንኳ ከተማይቱ ሙታኗን የቀበረችው በእንዲህ ዓይነት መቃብርና በጋራ ጉድጓድ ነበር።

ልብ እንበል፦ ያ መቃብር ሥራውን የሚሠራው ስላልታሸገ ነው።

ማሸግ እንዴት ተጀመረ?

ማሸግን ያመጣው መንገድ ነው፤ ርቆ የሞተን ሰው ወደ አገሩ መመለስ። በ1848 አልመንድ ፊስክ የሚባል አሜሪካዊ የብረት ሬሳ ሣጥን ሠርቶ የፈጠራ መብት አገኘ። ሣጥኑ የሰው ቅርጽ ያለው ሆኖ፣ ፊት በሚውልበት በኩል መስተዋት ነበረው፤ ዘመድ ሳይከፍት እንዲሰናበት ማለት ነው። በ1850 ዋሽንግተን ላይ የሞቱት ሴናተር ጆን ካልሁን ወደ ደቡብ ካሮላይና የተሸኙት በዚህ ዓይነት ሣጥን ነው። ቀጥሎ በመጣው የእርስ በርስ ጦርነት አስከሬንን በመድኃኒት ማቆየት ተስፋፋ።

ሁለተኛው ምክንያት ሌባ ነው። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በ1865 ሲገደሉ አስከሬናቸው በመድኃኒት ተይዞ፣ እርሳስ በተለበጠ ሣጥን ሆኖ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ከመሬት በላይ በቆመ የእብነ በረድ ሣጥን ውስጥ ገባ። በ1876 ሌቦች አስከሬኑን ሰርቀው ማስለቀቂያ ሊጠይቁበት ክዳኑን ፈልቅቀው ሣጥኑን ጎተት ካደረጉት በኋላ ተነቃባቸው። በመጨረሻ በ1901 ሣጥኑ በብረት ቀፎ ውስጥ ሆኖ ሦስት ሜትር ያህል ወደ ታች ወርዶ በኮንክሪት ተሞላ። ከመቀበሩ በፊት ተከፍቶ ሲታይ ፊታቸው ይለይ ነበር ይባላል። እንግዲህ ያን ያህል ብልሃት ተደርጎ፣ የመጨረሻው ማረፊያቸው መሬት ሆነ።

ሦስተኛው ምክንያት ንግድ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ የሕዝብ መቃብር ቤቶች ተስፋፉ፤ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ፉካዎች ተደርድረው ለብዙ ቤተሰብ ይሸጣሉ። ሣጥን ሠሪዎችም ክዳኑ ዙሪያ ጎማ የገባበት፣ መካኒኮቻችን ጓርኒሲዮን የሚሉት ዓይነት ማሸጊያ ያለው የብረት ሣጥን «ጠባቂ» እያሉ በውድ ዋጋ ሸጡ። ያዘነ ሰው ዋጋ አይከራከርም፤ ይህንን እኛም እናውቀዋለን።

የታሸገው ነገር ምን ይሆናል?

ብዙዎቻችን አየር ካልገባ አስከሬኑ አይለወጥም ብለን እናስባለን። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ሰውነት ሲለወጥ ሥራውን የሚሠሩት ረቂቅ ሕዋሳት ከውጭ የሚገቡ ብቻ አይደሉም፤ ከሆድ ዕቃችን ውስጥ ያሉ፣ ያለ አየርም የሚኖሩ አሉ። በአፈር ውስጥ ሲሆን ፈሳሹን አፈሩ ይመጠዋል። በሚተነፍስ ፉካ ውስጥ ሲሆን እርጥበቱ እየተነነ ይደርቃል። በታሸገ ሣጥን ውስጥ ግን መሄጃ የለውም፤ እርጥበቱ እዚያው ይቀራል፤ ጋዙ ይጠራቀማል፤ ግፊቱ ሲበዛ በደከመው መገጣጠሚያ ፈልቅቆ ይወጣል። ማድረቂያ መድኃኒቱም ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ይህ የድኻ ብቻ ዕጣ አይደለም። በ1087 የሞተው የእንግሊዝ ንጉሥ ዊሊያም ካን ከተማ ላይ በጠበበ የድንጋይ ሣጥን ሲገፋ ሆዱ ፈንድቶ ቀባሪው እንደሸሸ የዘመኑ ጸሐፊ መዝግቦታል። በ1958 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ አሥራ ሁለተኛ ሲያርፉ ሐኪማቸው በዘይትና በቅመም ቀብቶ በላስቲክ ስለጠቀለላቸው፣ አስከሬኑ ለስንብት ሳለ እጅግ ፈጥኖ ተለወጠ።

ፍርድ እንዳናዛባ ግን ተቃራኒውንም እንናገር። በ1963 ያረፉት ዮሐንስ ሃያ ሦስተኛ በደንብ በመድኃኒት ተይዘው በሦስት ሣጥን፣ መካከለኛው እርሳስ ሆኖ፣ ተቀብረው ነበር። በ2001 ሲከፈት ፊታቸው ብዙም ሳይለወጥ ተገኘ። ስለዚህ ማሸግ ጨርሶ አይረዳም አንልም፤ ዋስትና አይሆንም ነው የምንለው። በ2025 ያረፉት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ የሦስቱን ሣጥን ሥርዓት አስቀርተው፣ ዚንክ በተለበጠ በአንድ የእንጨት ሣጥን መሬት ውስጥ ተቀብረዋል።

አሜሪካኖቹም ከችግሩ ተምረዋል። አንደኛ፣ ጥሩ መቃብር ቤት ሲሠራ የፉካው ወለል ወደ ኋላ ዘንበል ይላል፤ ፈሳሽ የሚወርድበት ቱቦና ጋዝ ወደ ጣራ የሚወጣበት መተንፈሻ ይደረግለታል። ሁለተኛ፣ ሣጥን ሠሪዎች ጎማው ከውስጥ ሲገፋ ጋዝ እንዲያስተነፍስ አድርገው መሥራት ያዙ። ሦስተኛ፣ በስብሰባችን ላይ የተነሣው ዓይነት መሸፈኛ መጣ፦ ከሥር ፈሳሽ የሚይዝ የፕላስቲክ ትሪ፣ ከላይ ሣጥኑን የሚያለብስ ላስቲክ፣ ጋዙን ብቻ የምታስወጣ ቫልቭ። ይህ መሸፈኛ ጎረቤቱንና ሕንፃውን ለመጠበቅ የተሠራ እንጂ ሟቹን ለማቆየት አይደለም። አራተኛ፣ በ1984 የጸናው የአሜሪካ መንግሥት የቀብር ደንብ፣ ሣጥን ወይም ማሸጊያ አስከሬንን ለረጅም ዘመን ያቆያል ብሎ መሸጥን ከለከለ።

አንድ ነገር እንጨምር። በ2005 ካትሪና የተባለው ማዕበል ሉዊዚያናን ሲያጥለቀልቅ ብዙ ሣጥኖች ከመሬት በላይ ካለው መቃብራቸው ወጥተው ተንሳፈፉ። አየር የያዘ የታሸገ ሣጥን እንደ ታንኳ ነውና። የማን እንደሆኑ ለመለየት ብዙ ድካም ጠየቀ።

ወደ እኛ ስንመለስ

በአገራችንም ከመሬት በላይ በድንጋይ ሣጥን ማረፍ አዲስ አይደለም። ነገር ግን የነገሥታት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በበዓታ ለማርያም በእብነ በረድ ሣጥን አርፈዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1967 ዓ.ም. ሞተው፣ አጽማቸው በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ግቢ ከሲሚንቶ ሥር ወጥቶ፣ በ1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከእቴጌ መነን ጎን በድንጋይ ሣጥን አረፈ። ፉካ ለተራው ሰው የመጣው የከተማው መሬት ሲጠብ ነው። የጊዜ ማረፊያ ነው፤ ዓመታት ሲያልፉ አጽሙ ይነሣል።

ከውጭ የሚመጣው የዚንክ ሣጥንስ? እሱም ታሪክ አለው። በ1937 በርሊን፣ በ1973 ደግሞ ስትራስቡርግ ላይ የተፈረሙት ስምምነቶች፣ ድንበር የሚሻገር አስከሬን እንዳያፈስ ተበይዶ በታሸገ ሣጥን እንዲሄድ ይጠይቃሉ። የስትራስቡርጉ እንዲያውም ፈሳሽ የሚመጥ ነገር ከውስጥ እንዲደረግ፣ ካስፈለገም ግፊት የሚያስተካክል መሣሪያ እንዲኖረው ይላል። ይህ ሁሉ የተደነገገው ለጉዞው ነው። ያ ሣጥን እኛ ዘንድ ደርሶ መተንፈሻ በሌለው ፉካ ውስጥ በሲሚንቶ ሲደፈን፣ ለመንገድ የተሠራውን ለዘለዓለም አድርገን ወሰድነው ማለት ነው። ስሕተቱም እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ ለጠቅላላ ስብሰባው የምናቀርበው አሳብ አጭር ነው። በዚንክ ታሽጎ የመጣ አስከሬን ቢቻል መሬት ይቀበር። ፉካ የግድ ከሆነ ቤተሰቡ ለቤተ ክርስቲያኑና ለግንበኛው ከቀብሩ በፊት ይንገር፤ ወለሉ ዘንበል እንዲል፣ መተንፈሻም እንዲኖረው። ሣጥኑን መክፈት ግን ለጤና አደገኛ ስለሆነ ማንም አይሞክር። እዚሁ ላረፈ ሰው ደግሞ የእንጨት ሣጥን ይበቃል። መጠባበቂያችን ለሟች ልጆችና ለአቅመ ደካሞች ይዋል እንጂ ለላስቲክ አይውል እንላለን። ውሳኔው የእናንተ የአባሎቻችን ነው።

ለእኒያ እናትም መልስ አለብን። አዎን፣ ታሽጎ ነበር። ማሸጊያው ልጅዎን ከሰው አገር እስከ እቅፍዎ በክብር አድርሶታል፤ የተሰጠውም ሥራ ያው ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው የልጅዎ ጉድለት አይደለም፤ የሣጥኑም አይደለም። አስቀድመን ሳንጠይቅ በሲሚንቶ የደፈንነው እኛ ነን፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ነፍሱን ይማር።