ጠመኔው ያረፈበት የካቲት

የካ ሚካኤልን አልፈን ኮተቤ ድረስ እየተመላለስን መምህርነትን የተማርን ሁሉ፣ ከእኛ በፊት የነበሩት የዋሉልንን ውለታ ብናስታውስ ደግ ነው።

ነገሩ የ1966 ዓ.ም. ነው። መንግሥት በዓለም ባንክ ድጋፍ ያስጠናው «ሴክተር ሪቪው» ትምህርትን እንደ አዲስ ሊያዋቅር ተነሣ። ለአብዛኛው ልጅ የታሰበለት የአራት ዓመት ትምህርት ነበር። ሸክሙ የሚወድቀው መምህሩ ላይ ነው፤ የመምህራኑ ቅሬታ ግን ሳይማከሩ መወሰኑ ነበር።

በ1941 የተመሠረተው የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የካቲት 11 ቀን አድማ መታ። ጥያቄው ሁለት ነው፦ ደመወዝ ይስተካከል፣ ዕቅዱም ይቅር። «ለደመወዛቸው ነው» የሚል አይጠፋም። ለደመወዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስለ ዕቅዱ ምን አስጨነቃቸው? በዚያው ዕለት የታክሲ ሾፌሮች በቤንዚን ዋጋ ጭማሪ ሥራ አቆሙ፤ ከተማው ቀጥ አለ። በቀናት ውስጥ ዕቅዱ ታገደ። ወሩ ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ።

ደስታው አልሰነበተም። በደርግ ዘመን ስንቱ መምህር ታሰረ፣ ስንቱስ ተገደለ።

ዛሬም መመሪያ ከላይ ሲወርድ፣ ስብሰባ ላይ አንገታችንን ደፍተን «እሺ» ማለት ይቀናናል። «መምህሩን አማክራችሁ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅን ግን ከእነሱ ወርሰናል፤ ለተማሪዎቻችንም እናውርሰው።