በሊኑክስ ላፕቶፕ ላይ የዋይፋይ ብልሽትን መመርመር

የዋይፋይ ብልሽት ምርመራ በሊኑክስ በሚሠራ ላፕቶፕ ላይ የገመድ አልባ ግንኙነት ሲቋረጥ፣ ሲዳከም ወይም ከናካቴው ሲጠፋ ችግሩ ከየትኛው ክፍል እንደመጣ ለይቶ የማስተካከል ሥራ ነው። ተጠቃሚው የሚያየው አንድ ነገር ነው፤ ገጹ አይከፈትም። ከጀርባው ግን ብዙ ክፍሎች ተያይዘው ይሠራሉ፦ የሬዲዮ ካርዱና አንቴናው፣ ካርዱ ላይ የሚጫነው ፈርምዌር፣ በከርነሉ ውስጥ ያለው ድራይቨር፣ ሬዲዮውን የሚያበራና የሚያጠፋው ቁልፍ፣ የይለፍ ቃሉን ከራውተሩ ጋር የሚያረጋግጠው ፕሮግራም፣ በመጨረሻም የአይፒ አድራሻ ተቀባዩና የስም ፈቺው ክፍል። አንዱ ከወደቀ ከእሱ በላይ ያለው ሁሉ አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ ምርመራው ከታች ወደ ላይ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው የማይሠራ ክፍል ሲገኝም እዚያው ይቆማል። ብዙ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲደክም የሚያድረው ይህን ቅደም ተከተል ዘልሎ ለሌላ ማሽን የተጻፈ መፍትሔ በራሱ ማሽን ላይ ስለሚሞክር ነው።

በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ትዕዛዞች ማሽኑ ላይ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ እዚህ የቀረቡት በሚነበቡበት ድምፅ ነው።

የችግሩ ታሪክ

ሊኑክስና ዋይፋይ ለረጅም ጊዜ አልተስማሙም ሲባል ጥፋቱ የሊኑክስ ብቻ ይመስላል። እውነታው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ አብዛኞቹ የቺፕ ሠሪዎች ድራይቨር የሚያወጡት ለዊንዶውስ ነበር፤ ቺፑ እንዴት እንደሚታዘዝ የሚገልጸውን ሰነድም ለማንም አይሰጡም ነበር። ኤንዲአይኤስ-ራፐር የተባለው ፕሮግራም የተወለደው ከዚህ ችግር ነው፤ ለዊንዶውስ የተሠራውን ድራይቨር እንዳለ በሊኑክስ ውስጥ ያሠራ ነበር።

ከሁሉ የከፋው የብሮድኮም ጉዳይ ነበር። በጎ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች በሁለት ቡድን ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን የኩባንያውን ዝግ ድራይቨር እየፈታ ቺፑ የሚሠራበትን መንገድ በሰነድ ጻፈ፤ ሌላኛው ዝግ ድራይቨሩን ሳያይ፣ ሰነዱን ብቻ ይዞ አዲስ ድራይቨር ሠራ። የዚህ ሥራ የመጀመሪያ ፍሬ እ.ኤ.አ. በ2006 ከከርነል 2.6.17 ጋር ወጣ፤ ተተኪው ቢ43 ደግሞ በጥር 2008 ከከርነል 2.6.24 ጋር ተከተለ። ያኔም ቢሆን ፈርምዌሩ የኩባንያው ንብረት ስለሆነ አብሮ ሊታደል አልቻለም፤ ተጠቃሚው ራሱ ከኩባንያው ድራይቨር ውስጥ ቆርጦ ማውጣት ነበረበት። ብሮድኮም የራሱን ክፍት ድራይቨር ያወጣው በመስከረም 2010 ነው። አቴሮስ በ2008 ቀድሞት ነበር።

የፈርምዌሩ ጣጣ ከዚያም በኋላ አላለቀም። ዴቢያን ነፃ ያልሆነ ፈርምዌርን ከመጫኛው ውጭ ያስቀምጥ ስለነበር አዲስ ተጠቃሚ ዋይፋይ በሌለው ስርዓት ራሱን ያገኝ ነበር። በ2022 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ይህን ለወጡ፤ በሰኔ 2023 የወጣው ዴቢያን 12 ፈርምዌሩን በመጫኛው ውስጥ ይዞ መጣ። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ኔትወርክ የሌለውን ሰው ፈርምዌሩን ከኔትወርክ አውርድ ማለት በሩን ዘግቶ ግባ እንደማለት ነው።

ካርዱና ድራይቨሩ

የመጀመሪያው ጥያቄ ማሽኑ ካርዱን ያየዋል ወይ የሚል ነው። «ኤልኤስ-ፒሲአይ» ከ«ኤንኤንኬ» አማራጭ ጋር ሲታዘዝ የካርዱን ስም፣ የሠሪውንና የምርቱን መለያ ቁጥር፣ ካርዱን የያዘውንም ድራይቨር ያሳያል። ሠሪውን የሚናገረው የመለያው ግማሽ ነው፤ 8086 ኢንቴል፣ 10ኢሲ ሪልቴክ፣ 14ኢ4 ብሮድኮም፣ 168ሲ አቴሮስ፣ 14ሲ3 ሚዲያቴክ። በላፕቶፑ የሞዴል ስም መመራት ያሳስታል፤ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች የተለያየ ካርድ ይዘው ሊወጡ ይችላሉ። መለያ ቁጥሩ ግን አያሳስትም፤ መፍትሔም የሚፈለገው በእሱ ነው።

ካርዱ በዝርዝሩ ውስጥ ጨርሶ ከሌለ በባዮስ ተዘግቶ፣ ከመቀመጫው ላልቶ ወይም ሞቶ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስና ሊኑክስ ጎን ለጎን በተጫኑበት ማሽን ላይ አንድ ሌላ ምክንያት አለ፤ ዊንዶውስ «ፋስት ስታርትአፕ» በተባለው ዘዴ ሲዘጋ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም፤ ካርዱም ሊኑክስ ሊያስነሳው በማይችልበት ሁኔታ ላይ ሊቀር ይችላል። ዘዴውን ከዊንዶውስ ማጥፋት ይበቃል።

ካርዱ ታይቶ ድራይቨር ካልያዘው የከርነሉ ዕድሜ ይታያል። የኢንቴል ኤኤክስ200 ከከርነል 5.1 በታች፣ ኤኤክስ210 ከ5.10 በታች፣ የሚዲያቴክ ኤምቲ7921 ከ5.12 በታች አይሠሩም። አዲስ ላፕቶፕ ላይ አሮጌ ኡቡንቱ የጫነ ሰው ቅንብር በመነካካት የሚያተርፈው ነገር የለም፤ መድኃኒቱ አዲስ ከርነል ነው። ከከርነሉ ውጭ የሚጫኑ ድራይቨሮች ደግሞ ሴኪውር ቡት በበራበት ማሽን ላይ ፊርማ ስለሌላቸው ይከለከላሉ። በከርነሉ መዝገብ ላይ ቁልፉ ተቀባይነት አላገኘም የሚል መልእክት ከታየ ድራይቨሩን በራስ ቁልፍ ፈርሞ ማስመዝገብ ያስፈልጋል።

ፈርምዌር ሲጎድል ማሽኑ ራሱ ይናገራል። «ዲ-ሜሴጅ» በሚያወጣው የከርነል መዝገብ ውስጥ የፈርምዌሩ ፋይል ስምና ስህተት -2 የሚል ጽሑፍ ይታያል፤ ትርጉሙ ፋይሉ በቦታው የለም ነው። ኔትወርክ በሌለበት ፋይሉን ማምጫው ቀላሉ መንገድ ስልክ ነው። የአንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ ተገናኝቶ ቴተሪንግ ሲከፈት ሊኑክስ እንደ ባለገመድ ካርድ ያየዋል፤ በአብዛኛው ተጨማሪ ድራይቨር አይጠይቅም። እንደ ኢትዮጵያ ኢንተርኔት በፓኬጅ ተገዝቶ በሜጋባይት በሚለካበት አገር ግን አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት፤ በኡቡንቱ ሁሉን ያቀፈው የፈርምዌር ጥቅል በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሲሆን ዴቢያን ለኢንቴል፣ ለሪልቴክና ለሌሎች በየራሳቸው ከፋፍሎ ያቀርባል። የጎደለው ፋይል ስሙ ከታወቀ እሱን ብቻ ማውረድም ይቻላል።

የተዘጋ ሬዲዮ

ድራይቨሩ ተጭኖ አንድም ኔትወርክ ካልታየ «አርኤፍ-ኪል» ይጠየቃል። መዘጋቱ ሁለት ዓይነት ነው። በሶፍትዌር የተዘጋው በትዕዛዝ ይከፈታል። በሃርድዌር የተዘጋው በላፕቶፑ ጎን ባለ ማብሪያ ወይም በኪቦርዱ ቁልፍ ካልሆነ በትዕዛዝ አይከፈትም። በአንዳንድ የሌኖቮ ዮጋ ሞዴሎች ላይ ግን ማብሪያው ጨርሶ ሳይኖር «አይዲያፓድ-ላፕቶፕ» የተባለው የከርነል ሞጁል በሃርድዌር ተዘግቷል ብሎ ያሳውቅ ነበር። ሞጁሉ ሲወጣ ዋይፋዩ ወዲያው ይመጣል። የከርነሉ አዘጋጆች ማብሪያ የሌላቸውን ሞዴሎች ስም በድራይቨሩ ውስጥ በመዘርዘር ችግሩን አስተካክለዋል።

ሲግናል

የሲግናል ጥንካሬ በዲቢኤም ይለካል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠንም ሲግናሉ ይበረታል። -50 ጥሩ ነው፣ -67 ለድምፅ ጥሪ ይበቃል፣ -80 ላይ ግንኙነቱ መቆራረጥ ይጀምራል። እያንዳንዱ የ10 ልዩነት የኃይል አሥር እጥፍ ነው፤ በ-50 እና በ-90 መካከል ያለው ልዩነት አሥር ሺህ እጥፍ ይሆናል። «አይደብሊው» ቁጥሩን በቀጥታ ያሳያል፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ ከሚታዩት ቅስቶች ይልቅ መታመን ያለበት እሱ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚያስተምረው የሪልቴክ አርቲኤል8723ቢኢ ነው። ይህ ካርድ ሁለት የአንቴና ቀዳዳዎች ነበሩት፤ በብዙ የኤችፒ ላፕቶፖች ላይ ግን የተሰካው አንድ አንቴና ብቻ ነበር። በየትኛው ቀዳዳ እንደተሰካ በካርዱ ላይ የተጻፈው መረጃ ትክክል ባለመሆኑ ድራይቨሩ ባዶውን ቀዳዳ ይመርጥ ነበር። ተጠቃሚው ራውተሩ አጠገብ ሲቀመጥ ይገናኛል፤ ወደ ሌላ ክፍል ሲሄድ ኔትወርኩ ይጠፋል። ብዙዎች ራውተሩን ጠረጠሩ፣ ሌሎች ሊኑክስን ከነጭራሹ ነቅለው በሌላ ተኩ። መፍትሔው ድራይቨሩ ሲጫን «አንት-ሴል» የሚባለውን ምርጫ 1 ወይም 2 ማድረግ ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ልኬት ባይኖር ኖሮ መላ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር፤ ራውተሩ ሥር ተቀምጦ -80 የሚያነብ ካርድ ጆሮው የተደፈነ እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ ይመሰክራል።

ሲግናሉ ጠንካራ ሆኖ ግንኙነቱ የሚንገዳገድ ከሆነ በዙሪያው ያለውን ማየት ነው። የዩኤስቢ 3 መሣሪያዎችና ገመዶቻቸው በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ረብሻ እንደሚለቁ ኢንቴል ራሱ በ2012 ባወጣው ጽሑፍ ገልጿል፤ ከአንቴናው አጠገብ የተሰካ ሃርድ ዲስክ ዋይፋዩን ሊያዳክመው ይችላል። የብሉቱዝ ማዳመጫም በዚሁ ባንድ ይሠራል። ሁለቱንም ለማምለጥ ወደ 5 ጊጋኸርዝ መሻገር ይበጃል።

አንድ ኔትወርክ ብቻ ተለይቶ የማይታይ ከሆነ የአገር ቅንብር ይጠረጠራል። በአሜሪካ ደንብ የተቀናበረ ካርድ በ2.4 ጊጋኸርዝ ከቻናል 11 በላይ አይጠቀምም፤ በኢትዮጵያና በአውሮፓ ግን እስከ 13 ይፈቀዳል። ከአሜሪካ የመጣ ላፕቶፕ አዲስ አበባ ውስጥ በቻናል 13 የሚሠራን ራውተር ላያየው ይችላል። የአገር ኮዱን «ኢቲ» ብሎ በትዕዛዝ መለወጥ ይቻላል፤ አዳዲሶቹ የኢንቴል ካርዶች ግን ትዕዛዙን ሳይሰሙ ያሉበትን አገር ከዙሪያቸው ራሳቸው ይወስናሉ። ራውተሩን ወደ ቻናል 1፣ 6 ወይም 11 ማዞር ለሁሉም ይሠራል።

ማረጋገጫና አድራሻ

ኔትወርኩ ታይቶ መግባት እምቢ ሲል ኃላፊነቱ የኔትወርክ-ማኔጀር እና ከሥሩ የሚሠራው የደብሊውፒኤ-ሰፕሊካንት ነው። በመዝገቡ ላይ የአራት ዙር ልውውጡ ወድቋል፣ ቁልፉ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል የሚል መስመር ካለ የይለፍ ቃሉን እንደገና መጻፍ ነው። በደብሊውፒኤ3 ብቻ የሚሠራ ራውተር አሮጌ ካርዶችን አያስገባም። በመሥሪያ ቤትና በዩኒቨርሲቲ ኔትወርኮች ላይ ደግሞ ከኡቡንቱ 22.04 ጋር የመጣው ኦፕንኤስኤስኤል 3 አሮጌውን የድርድር ዘዴ ስለሚከለክል ከማሻሻሉ በፊት ይገባ የነበረ ላፕቶፕ በማግስቱ በር ላይ ቀርቷል። ጥፋቱ ባልታደሰው ሰርቨር ነው፤ የላፕቶፑን መከላከያ ማላላት እንደ ጊዜያዊ መተላለፊያ ካልሆነ አይመከርም።

ገብቶ ኢንተርኔት ከሌለ አድራሻው ይታያል። በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ማለት ራውተሩ አድራሻ አልሰጠም ማለት ነው። ትክክለኛ አድራሻ ካለ ወደ 8.8.8.8 ፒንግ ይደረጋል፤ ቁጥሩ መልሶ ስም ካልመለሰ ዋይፋዩ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ስም ፈቺው ነው። የማሽኑ ሰዓት በዓመታት ወደኋላ ከቀረም ገጾች የምስክር ወረቀት ስህተት እያሉ አይከፈቱም፤ የባዮስ ባትሪው ባለቀ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይህ የተለመደ ነው።

ለጥቂት ደቂቃ ሠርቶ የሚቋረጥ ወይም የሚዘገይ ግንኙነት ብዙ ጊዜ ከኃይል ቁጠባ ይመጣል። በኔትወርክ-ማኔጀር ቅንብር ውስጥ የዋይፋይ ፓወርሴቭን ዋጋ ከ3 ወደ 2 መለወጥ ቁጠባውን ያጠፋዋል። ይህን ሳይሞክሩ ለኢንቴል ካርዶች ከዓመታት በፊት ይሰጥ የነበረውን የ802.11ኤን ማጥፊያ ቅንብር መጻፍ ጉዳት አለው፤ ግንኙነቱ ይረጋ ይሆናል፤ ፍጥነቱ ግን በሴኮንድ 54 ሜጋቢት ላይ ይታሰራል። ባለቤቱም ቅንብሩን ረስቶ ለዓመታት በቀርፋፋ ኔትወርክ ይኖራል።

ካርድ መለወጥ

ሁሉም ተሞክሮ ካልሆነ ካርዱ ይለወጣል። የኢንቴል ኤኤክስ200 እና ኤኤክስ201 በመልክ አንድ ናቸው፤ ኤኤክስ201 ግን ከፊል ሥራውን ለኢንቴል ፕሮሰሰር ስለሚያስተላልፍ ኤኤምዲ ባለው ላፕቶፕ ላይ አይሠራም። በአንዳንድ የቆዩ የሌኖቮና የኤችፒ ላፕቶፖች ባዮሱ ከተፈቀዱት ዝርዝር ውጭ የሆነ ካርድ ሲያይ ማሽኑን አያስነሳም። ለእነዚህ በዩኤስቢ የሚሰካ ካርድ ይሻላል፤ ሲገዛም በከርነሉ ውስጥ ድራይቨር ያላቸውን፣ ለምሳሌ የሚዲያቴክ ኤምቲ7612ዩ ቺፕ የያዙትን መምረጥ ከእያንዳንዱ የከርነል ማሻሻያ በኋላ ድራይቨሩን እንደገና ከመገንባት ያድናል።