«ለጠጣ-ነቂ ጡንቻ»፦ ስሙ ከሥራው ይውጣ

አንበጣ ሲበር ክንፉን በሰከንድ 20 ጊዜ ያህል ይመታል፤ ለእያንዳንዱ ምትም ከነርቭ ትእዛዝ ይደርሰዋል። ዝንብ ግን በሰከንድ ከ100 ጊዜ በላይ ትመታለች፤ ለበረራ ጡንቻዋ የሚደርሰው የነርቭ ምልክት ደግሞ ከምቱ ቁጥር እጅግ ያነሰ መሆኑን እንግሊዛዊው ጆን ፕሪንግል እ.ኤ.አ. በ1949 አሳይቷል። ሳይንሱ ይህን ጡንቻ «አሲንክሮነስ» ይለዋል፤ ቃል በቃል ሲመለስ «ያልተናበበ» ማለት ነው። ያልተናበበ ሲባል ግን አማርኛ ሰሚ የሚያስበው የተዘበራረቀ ነገር ነው፤ የዝንብ ክንፍ ደግሞ ምቱን አይስትም። ስለዚህ ስሙ ከጎደለው ነገር ሳይሆን ከአሠራሩ ቢወጣ ይሻላል፤ «ለጠጣ-ነቂ ጡንቻ» የሚለው ትርጉም የቀረበውም ለዚህ ነው።

አሠራሩን በረቂቅ አካሉ ማየት ይቻላል። የጡንቻው ክሮች ሳርኮሜር በሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ተቀጣጥለው የተሠሩ ናቸው፤ በየሳርኮሜሩ ወፍራሞቹ የሚዮሲን ዘንጎች ቀጫጭኖቹን የአክቲን ዘንጎች ይስባሉ። በዝንብና በንብ የበረራ ጡንቻ የሚዮሲኑ ዘንግ ከሳርኮሜሩ ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ስለሚቀረው፣ ጡንቻው በአንድ ምት የሚያጥረው ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ዋናዎቹ የኃይል ጡንቻዎች ከክንፉ ጋር በቀጥታ አልተያያዙም፤ አንዱ ወገን በደረቱ ርዝመት፣ ሌላው ከጀርባ ወደ ሆድ ተዘርግቷል። አንዱ ሲያጥር የደረቱ ቅርጽ ይለወጣል፣ ሌላው ይለጠጣል፤ የተለጠጠው ለቅጽበት ዘግይቶ በኃይል ይሳባል፣ በተራውም የመጀመሪያውን ይለጥጣል። ጡንቻን ለሥራ የሚያነቃው ካልሲየም በየምቱ መለቀቅና መሰብሰብ ስለሌለበትም የካልሲየሙ ማከማቻ አነስተኛ ነው፤ ቦታውን ክሮቹና ኃይል አመንጪዎቹ ሚቶኮንድሪያ ይዘውታል።

«ነርቭ ካልቀሰቀሰው ጡንቻው መች ይሠራል? ታዲያ ስሙ ነርቭን አይረሳምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ካልሲየሙን ከፍ አድርጎ የሚያቆየው ነርቭ ነው። ይሁን እንጂ ነርቭ የሚወስነው መሥራት አለመሥራቱን እንጂ የእያንዳንዱን ምት ሰዓት አይደለም። ተመራማሪዎቹ ጀዌልና ሩግ እ.ኤ.አ. በ1966 በግሊሰሪን አክመው ከነርቭ ትእዛዝ ነጻ ያደረጉት የትልቅ የውኃ ትኋን የጡንቻ ክር፣ ካልሲየምና ኤቲፒ የተባለውን የኃይል ሞለኪውል ሲያገኝ በራሱ ሲርገበገብ ታይቷል። የልብ ጡንቻም ለለጠጣ መጠነኛ ምላሽ መስጠቱ ሌላ ተቃውሞ ነው፤ ልብ ግን ምቱን የሚቀበለው ከኤሌክትሪክ ምልክት ነው፣ ለጠጣው ረዳት ብቻ ነው። ስለዚህ ጸሐፊዎች «አሲንክሮነስ»ን አንድ ጊዜ አስተዋውቀው ከዚያ ወዲያ «ለጠጣ-ነቂ» ቢሉ፣ አንባቢው ስሙን ሲሰማ አሠራሩንም ይረዳል።