የመምህሩን ስም ያልደበቀ

እኔ ቅኔ ቤት ያደግሁ ነኝና የመምህሩን ስም የማይጠራ ሊቅ አይጥመኝም። ጀርመናዊውን ሂዮብ ሉዶልፍን የማከብረውም በዚሁ ነው።

በ1649 እ.ኤ.አ. ሮም፣ በሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ጎርጎርዮስን ሲያገኝ ግዕዝን ከመጽሐፍ ተምሮ ያነብ ነበር እንጂ መናገር አይችልም። አባ ጎርጎርዮስ የአማራው መካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋበዟቸውና ጀርመን ድረስ ሄዱ። በዚያም ሉዶልፍ ይጠይቃል፣ እሳቸው ይመልሳሉ፤ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስለ አራዊቱ፣ ስለ አማርኛው። ከተለያዩም በኋላ በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር። በ1658 አባ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲጓዙ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው ኢስከንደሩን አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ሰጠሙ።

በ1661 የሉዶልፍ የግዕዝ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው ለንደን ታተመ። ኅትመቱን እንዲከታተል የተላከው ተማሪው ዋንስሌብ ነበር። እሱ ግን ለማሳተም ሄዶ መድረስ አማረው፤ ሳያስፈቅድ የራሱን ጨመረበት። ሉዶልፍ መጽሐፉን ሲያይ አንጀቱ አረረ። አይፈረድበትም፤ ሌላው የጨመረው ስሕተት ዕዳው የባለ ስሙ ነው።

ቂሙ ግን ልክ አለፈ። በ1663 መስፍኑ ዋንስሌብን ወደ ኢትዮጵያ ቢልኩት ከግብፅ ሳያልፍ ተመለሰ፤ ሮም ገብቶም ካቶሊክ ሆነ። ለሉተራዊው ሉዶልፍ ይህ ሁለተኛ ክህደት ነበር። ሆኖም ዋንስሌብ ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ከምሥራቅ ብዙ የብራና መጻሕፍት ሰብስቧል፤ የእስክንድርያን ቤተ ክርስቲያን ታሪክም ጽፎ በ1677 ፓሪስ ላይ አሳትሟል። ይህን ድካሙን የሉዶልፍ ቁጭት ሊሸፍነው አይገባም ነበር። በ1679 ዋንስሌብ ሞተ፤ የሉዶልፍ ወቀሳ ግን ከሞቱም በኋላ አላባራም።

ያው ብርቱ ሰው ለአባ ጎርጎርዮስ ሲሆን ሌላ ነው። በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ዕውቀቱን ከማን እንዳገኘ በስማቸው ይናገራል፤ በ1691 በወጣው ማብራሪያው ውስጥም መልካቸውን አሳትሞላቸዋል። የአማርኛ ሰዋስውን በ1698 ሲያወጣ እሳቸው ከሞቱ 40 ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ከሙት መምህር ስም መንጠቅ ደግሞ ቀላል ነው። እሱ አልነጠቀም።

ግዕዝና አማርኛ በየዩኒቨርሲቲው የምታስተምሩ ሁሉ፣ ሉዶልፍን በጠራችሁበት ክፍል አባ ጎርጎርዮስንም ጥሩልን።